የመቅደሱ ድምፅና የሠራተኛው ፍርሃት

የአንድ ኅብረተሰብ ውስጣዊ ቅራኔ እየተካረረ በሄደ ቁጥር፣ በወትሮው ጊዜ ነባሩን ሥርዓት ሲባርኩ የኖሩ ተቋሞች እንኳ ወገን ለመለየት ይገደዳሉ። በዩናይትድ ስቴትስ ከጃንዋሪ 2025 ወዲህ የታየው ሁኔታ ለዚህ ሐቅ ተጨባጭ ማስረጃ ነው (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የመኖሪያ ፈቃድ የሌላቸውን ስደተኞች በጅምላ ለማባረር የተከፈተውን ዘመቻ በመቃወም የካቶሊክ ጳጳሳት፣ የፕሮቴስታንት ሰባኪዎች፣ የአይሁድ ማኅበራትና የሲክ ምእመናን ድምፃቸውን አሰምተዋል። እኛም ይህን ድምፅ ከማድነቃችን ወይም ከማጣጣላችን በፊት፣ ስለ ማን እንደሚናገርና የችግሩን ሥር ይነካ እንደሆነ ልንመረምረው ይገባል።

በመጀመሪያ የነገሩን ሂደት እንመልከት። በጃንዋሪ 20 ቀን 2025 ሥልጣን የተረከበው አስተዳደር ከወሰዳቸው የመጀመሪያ እርምጃዎች አንዱ፣ በ2011 የወጣውንና በ2021 ይበልጥ የተጠናከረውን መመሪያ መሻር ነበር። መመሪያው የኢሚግሬሽን ፖሊሶች በአብያተ ክርስቲያናት፣ በትምህርት ቤቶችና በሆስፒታሎች ሰው ከመያዝ እንዲቆጠቡ ያዝ የነበረ ነው። ከሹመቱ በዓል ማግስት በዋሽንግተን ብሔራዊ ካቴድራል በተደረገው የጸሎት ሥነ ሥርዓት ላይ፣ የኤጲስቆጶሳዊት ቤተ ክርስቲያን ጳጳስ ማሪያን ኤድጋር ባዲ ፕሬዚዳንቱን ፊት ለፊት ተመልክተው ምሕረት እንዲያደርጉ ጠየቁ። ፕሬዚዳንቱ በበኩላቸው ጳጳሷ ይቅርታ እንዲጠይቁ ፈለጉ፤ እርሳቸው ግን ለምሕረት በመማጸናቸው ይቅርታ እንደማይጠይቁ አስታወቁ።

የዓለም የዜና ማሰራጫዎች የያዙት የዚህን ትዕይንት ድራማ ብቻ ነበር። አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባው ፍሬ ነገር ግን ሌላ ነው። ጳጳሷ ስደተኞችን በቅድሚያ የጠሩት በሚያምኑት እምነት ወይም በመጡበት አገር ሳይሆን በሚሠሩት ሥራ ነበር። ሰብል የሚሰበስቡ፣ የቢሮ ሕንፃ የሚያጸዱ፣ በዶሮ እርባታና በሥጋ ማዘጋጃ ፋብሪካ የሚደክሙ፣ በምግብ ቤት ሳህን የሚያጥቡ፣ በሆስፒታል የሌሊት ተራ የሚገቡ እያሉ ዘርዝረዋቸዋል። ይህ የወዛደር ስም ዝርዝር ነው። ከመድረኩ የተሰማው ቃል የሃይማኖት ቃል ቢሆንም፣ የተነገረላቸው ሰዎች በአንድ የምርት ግንኙነት ውስጥ የታወቀ ቦታ ያላቸው ሠራተኞች ናቸው።

በዚህ ጉዳይ ላይ ሁለት የተሳሳቱ አመለካከቶች ይሰነዘራሉ። የመጀመሪያው የሊበራሎች አመለካከት ነው። በዚህ አመለካከት መሠረት ጉዳዩ የመልካም ኅሊናና የክፉ ኅሊና ፍልሚያ ብቻ ነው፤ ገዢው ልቡን ቢያራራ ችግሩ ይቃለላል። ሁለተኛው ደግሞ ራሱን ሳይንሳዊ አድርጎ የሚቆጥር፣ በተግባር ግን ሰነፍ የሆነ አመለካከት ነው። ሃይማኖትን ከማደንዘዣ ጋር ያመሳሰለውን የታወቀ አባባል ከመላ ይዘቱ ነጥሎ በመያዝ፣ ቄስ የተናገረው ሁሉ ከቁም ነገር አይገባም ይላል። የአባባሉ ባለቤት ማርክስ ግን በዚያው በ1844 ባሳተመው ጽሑፍ ውስጥ፣ ሃይማኖት የመከራ መግለጫና በመከራ ላይም የሚነሣ ተቃውሞ መሆኑን ጭምር ማስረዳቱን ይዘነጋል። ትክክለኛው መንገድ ሁለቱንም ትቶ ተጨባጩን ታሪክ መመርመር ነው።

በማርች 24 ቀን 1982 በአሪዞና ግዛት በቱሳን ከተማ የሚገኘው የሳውዝሳይድ ፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን፣ ከኤል ሳልቫዶርና ከጓቲማላ ለሚሸሹ ሰዎች መማፀኛ መሆኑን በይፋ አወጀ። ዕለቱ የተመረጠው በምክንያት ነበር። የሳን ሳልቫዶሩ ሊቀ ጳጳስ ኦስካር ሮሜሮ ቅዳሴ ላይ ሳሉ በጥይት የተገደሉት ልክ ከሁለት ዓመት በፊት በዚያው ቀን ነበር። የቤተ ክርስቲያኑ መጋቢ ጆን ፋይፍና የኩዌከር እምነት ተከታዩ ከብት አርቢ ጂም ኮርቤት የጀመሩት ይህ የመማፀኛ ንቅናቄ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወደ መቶዎች ጉባኤዎች ተስፋፋ።

የንቅናቄው ትልቁ አስተዋጽኦ ለጥቂት ሺህ ሰዎች መጠለያ መስጠቱ ብቻ አልነበረም። ሰዎቹ ለምን እንደ ተሰደዱ በአደባባይ መጠየቁ ነው። የኤል ሳልቫዶርን ገበሬ ከመንደሩ ያፈናቀለው ጦር የሚታጠቀውና የሚሠለጥነው በዋሽንግተን ገንዘብ ነበር። ይህን ስደተኛ በፖለቲካ ምክንያት የተሰደደ ነው ብሎ መቀበል፣ የሚረዱትን መንግሥት ገዳይ ነው ብሎ እንደ መመስከር ይቆጠር ነበር። ስለሆነም በ1984 ከሳልቫዶርና ከጓቲማላ ሰዎች የጥገኝነት ማመልከቻዎች ተቀባይነት ያገኙት ከመቶ ሦስት እንኳ አይሞሉም። ስደቱን የፈጠረውና በሩን የዘጋው አንድ እጅ መሆኑን ይህ ቁጥር በግልጽ ያሳያል።

መንግሥት የሰጠው ምላሽም ባሕርይውን የሚገልጥ ነበር። ሰላዮች ድምፅ መቅጃ ታጥቀው ወደ ጸሎት ስብሰባዎች ገቡ። በ1985 ክስ ተመሠረተ፤ ዳኛውም ተከሳሾቹ በመካከለኛው አሜሪካ ስላለው እልቂትም ሆነ ስለ እምነታቸው ለዳኞች ጉባኤ እንዳያስረዱ ከለከሉ። ሕጉ ድርጊቱን እንጂ ምክንያቱን ለመስማት ፈቃደኛ አልነበረም። በሜይ 1986 ከ11 ተከሳሾች ስምንቱ ጥፋተኞች ተባሉ፤ ነገር ግን አንዳቸውም ወደ ወኅኒ አልወረዱም። የባፕቲስት አብያተ ክርስቲያናትና ሌሎች የእምነት ድርጅቶች ያቀረቡት ሌላ ክስ ደግሞ በ1991 በስምምነት ተቋጭቶ፣ ማመልከቻቸው ውድቅ የተደረገባቸው የሳልቫዶርና የጓቲማላ ስደተኞች ጉዳይ እንደገና እንዲታይ አስገደደ። የተደራጀ እምነት መንግሥትን ወደ ኋላ ሊያስመልስ እንደሚችል ከዚህ እንረዳለን።

ይሁን እንጂ ዛሬ የሚታየውን ለመረዳት አንድ ተጨማሪ ጥያቄ ማንሳት ያስፈልጋል። የኢሚግሬሽን ቁጥጥሩ ዓላማ በእርግጥ እነዚህን ሰዎች ከአገሪቱ ማስወጣት ነውን? በዩናይትድ ስቴትስ የሰብል እርሻዎች ላይ ከሚሠሩት ቅጥር ሠራተኞች ከአሥሩ አራቱ ያህል ሕጋዊ የሥራ ፈቃድ እንደሌላቸው የአገሪቱ የእርሻ ሚኒስቴር ራሱ ይገልጣል። እነዚህ ሰዎች በአንድ ሌሊት ቢወጡ አትክልቱ በማሳ ላይ ይበሰብሳል። ባለሀብቱ ይህን ከማንም በላይ ያውቃል። እርሱ የሚፈልገው ሠራተኛው እንዲቀር፣ ነገር ግን እየፈራ እንዲቀር ነው። የሚፈራ ሠራተኛ የሠራበትን የትርፍ ሰዓት ክፍያ አይጠይቅም፤ ማሽን እጁን ቢቆርጠው አይከስም፤ የሠራተኛ ማኅበር አባል ለመሆን አይፈርምም።

በሜይ 12 ቀን 2008 በአይዋ ግዛት በፖስትቪል የተፈጸመው ለዚህ አብነት ነው። ከ2,300 የማይበልጥ ሕዝብ በሚኖርባት በዚህች ትንሽ ከተማ በሚገኝ የሥጋ ማዘጋጃ ፋብሪካ ላይ በተደረገ ወረራ 389 ሠራተኞች ተያዙ። አብዛኞቹ የጓቲማላ ተወላጆች ነበሩ። በከብት ትርዒት አዳራሽ ውስጥ በተዘረጋ ችሎት በጥቂት ቀናት ውስጥ ወደ 300 የሚጠጉት የሐሰት ሰነድ በመጠቀም ጥፋተኞች ተብለው፣ ብዙዎቹ አምስት አምስት ወር ተፈረደባቸው። ይህ ሁሉ የሆነው የሠራተኛ ማኅበር ፋብሪካውን ለማደራጀት በሚታገልበትና የግዛቱ መንግሥት የሕፃናትን ጉልበት ብዝበዛ በሚመረምርበት ወቅት ነበር። የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ በባንክ ማጭበርበር 27 ዓመት ቢፈረድበትም፣ የኢሚግሬሽን ክሶቹ ተሰረዙለት፤ ከሕፃናት ጉልበት ክስም ነፃ ወጣ፤ የተፈረደበትም ቅጣት በዲሴምበር 2017 በፕሬዚዳንቱ ውሳኔ ተቋረጠለት። ከብቱን ያረደው እስረኛ ሆኖ ተባረረ፤ ያሳረደው ግን በሠራተኞቹ ምክንያት አልተቀጣም።

በዚያ ዕለት የተያዙት ሠራተኞች ሚስቶችና ልጆች የተሰበሰቡት በቅድስት ብሪጂት የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ነበር። ጥቂት ቆይቶም ክርስቲያኖችና አይሁዳውያን በአንድነት በከተማዋ ሰልፍ ወጡ። ፋብሪካው በአይሁድ ሥርዓት የተባረከ ሥጋ የሚያዘጋጅ በመሆኑ፣ በአይሁዳውያን መካከል ከባድ ክርክር ተነሣ። ከብቱ በሥርዓቱ መታረዱ ብቻ ይበቃልን፣ ወይስ የአራጁ አያያዝም ሥጋውን ንጹሕ ወይም ርኩስ ያደርገዋል? ይህ የሃይማኖት ቋንቋ የለበሰ የምርት ግንኙነት ጥያቄ ነው፤ እንዲህ ያለውን ጥያቄ ያነሣ ምእመን ከችግሩ ሥር ደርሷል ለማለት ይቻላል።

ሌላው ማስረጃ የጁን 2025 ክስተት ነው። ወረራው እርሻዎችን፣ ሆቴሎችንና ምግብ ቤቶችን መንካት ሲጀምር ባለንብረቶች አቤት አሉ፤ መንግሥትም በእነዚህ የሥራ መስኮች የሚደረገው ወረራ እንዲገታ ወዲያው መመሪያ አስተላለፈ። ምንም እንኳ መመሪያው ከጥቂት ቀናት በኋላ ቢሻርም፣ የጳጳሷ ልመና የይቅርታ ጥያቄን ሲያስከትል የባለንብረቱ አቤቱታ መመሪያ ማስለወጡ ብዙ ያስተምራል። በጁላይ 4 ቀን 2025 የጸደቀው ሕግ ደግሞ ለስደተኞች ማጎሪያ ብቻ 45 ቢሊዮን ዶላር መደበ። ከእስረኞቹ እጅግ የሚበዙት የሚያዙት የግል ኩባንያዎች በሚያስተዳድሯቸው ወኅኒ ቤቶች በመሆኑ፣ ሠራተኛው በነፃነቱ ጊዜ በጉልበቱ፣ በእስሩ ጊዜ ደግሞ በአልጋ ቁጥር ትርፍ ያስገኛል ማለት ነው።

በዚህ አንጻር የሃይማኖት ተቋማትን እንደ አንድ አካል አድርጎ ማየት ስሕተት ነው። የኅብረተሰቡ ቅራኔ በውስጣቸውም ያልፋል። በጁን 2018 የጊዜው ጠቅላይ ዓቃቤ ሕግ፣ ሕፃናትን በድንበር ላይ ከወላጆቻቸው የሚለየውን ፖሊሲ ለመከላከል የጠቀሱት የሐዋርያው ጳውሎስን የሮሜ መልእክት ነው። በጃንዋሪ 2025 ደግሞ ካቶሊክ የሆኑት ምክትል ፕሬዚዳንት፣ ሰው አስቀድሞ ቤተሰቡንና የአገሩን ሰው ከዚያም ሌላውን እንዲወድ የሚያዝ የፍቅር ቅደም ተከተል አለ በማለት ዘመቻውን በነገረ መለኮት ለማስደገፍ ሞከሩ። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንሲስ በፌብሩዋሪ 10 ቀን 2025 ለአሜሪካ ጳጳሳት በጻፉት ደብዳቤ የደጉን ሳምራዊ ምሳሌ በማስታወስ መልስ ሰጡ። በ2024 ምርጫ እጅግ የሚበዙት ነጭ ወንጌላውያን ድምፃቸውን የሰጡት ለዚሁ ዘመቻ አራማጅ መሆኑም አይካድም። አንዱ መጽሐፍ በሁለት እጅ ተይዞ ለሁለት ወገን ይነበባል፤ ልዩነቱን የሚፈጥረው አንባቢው ከማን ጎን መቆሙ ነው።

የገንዘቡንም ጉዳይ ማለፍ አይገባም። ምክትል ፕሬዚዳንቱ ጳጳሳቱን የሚያሳስባቸው ለስደተኞች ማቋቋሚያ ከመንግሥት የሚያገኙት ገንዘብ እንደሆነ አድርገው ተናግረዋል። ክሱ በስደተኛው ስም የተሰነዘረ ዱላ ቢሆንም፣ የሚነካው ቁስል አለ። የመንግሥት በጀት ተቀብሎ የመንግሥትን ሥራ የሚሠራ ተቋም አንደበቱ ግማሽ ነፃ ነው። በሚያዝያ 2025 የካቶሊክ ጳጳሳት ጉባኤ ገንዘቡ ከተቋረጠበት በኋላ በዚህ መስክ ከመንግሥት ጋር የነበረውን ውል ማብቃቱን አስታወቀ። የኤጲስቆጶሳዊት ቤተ ክርስቲያን በበኩሏ በሜይ ወር፣ ሌሎች ስደተኞች በር ተዘግቶባቸው ሳለ ከደቡብ አፍሪካ በልዩ ፈቃድ እንዲገቡ የተደረጉትን ነጮች አላቋቁምም በማለት የብዙ ዓመት ትብብሯን አቋረጠች። ከዚያ በኋላ ንግግሩ ይበልጥ ጠነከረ። በኖቬምበር 12 ቀን 2025 በባልቲሞር የተሰበሰቡት የካቶሊክ ጳጳሳት፣ በ216 ድጋፍ፣ በአምስት ተቃውሞና በሦስት ድምፀ ተአቅቦ፣ ያለ ልዩነት የሚፈጸመውን የጅምላ ማባረር የሚቃወም ልዩ መልእክት አወጡ። ጉባኤው እንዲህ ያለ መልእክት ሲያወጣ ከ2013 ወዲህ የመጀመሪያው ነበር።

በመሬት ላይ ያለው ውጤት ግን ገና የተደበላለቀ ነው። ኩዌከሮች፣ አንድ የባፕቲስት ኅብረትና በሳክራሜንቶ የሚገኝ የሲክ ቤተ መቅደስ ባቀረቡት ክስ፣ በፌብሩዋሪ 2025 በሜሪላንድ የሚገኝ ፍርድ ቤት እግድ ሰጠ፤ እግዱ ግን የከሳሾቹን የአምልኮ ቦታዎች ብቻ የሚመለከት ነበር። ከሃያ የሚበልጡ የክርስቲያንና የአይሁድ ማኅበራት ያቀረቡት ተመሳሳይ ጥያቄ በሚያዝያ ወር በዋሽንግተን ውድቅ ተደረገ። በካሊፎርኒያ የሳን በርናርዲኖ ሀገረ ስብከት ጳጳስ አልቤርቶ ሮኻስ ደግሞ፣ በአጥቢያዎች ቅጥር ውስጥ ሰዎች ከተያዙ በኋላ፣ በጁላይ 8 ቀን 2025 እስራትን የሚፈሩ ምእመናን ከእሑድ ቅዳሴ ቢቀሩ ኃጢአት እንደማይሆንባቸው አወጁ። በወረርሽኝ ጊዜ የሚሰጥ ፈቃድ በፖሊስ ፍርሃት ምክንያት ተሰጠ። ይህ የርኅራኄ እርምጃ ነው፤ በዚያው መጠንም የሽንፈት ምልክት ነው። መቅደሱ ምእመኑን መጠበቅ ስላልቻለ በቤቱ እንዲቆይ ፈቀደለት፤ ነገር ግን ያ ሰው ሰኞ ጠዋት ወደ ሥራ መሄዱ አይቀርም። ከቅዳሴ የሚያስቀር ፈቃድ ተገኝቷል፤ ከብዝበዛ የሚያወጣው ግን ገና አልተገኘም።

የምሕረት ጥያቄ ወሰን የሚገለጠው እዚህ ላይ ነው። ምሕረት የሚጠየቀው ከባለ ሥልጣን ነው፤ ሰጪው ሲፈቅድ ይሰጣል፣ ሲቆጣ ይነሣል። መብት ግን በትግል የሚገኝና በተደራጀ ኃይል የሚጠበቅ ነው። በ1986 የወጣው የኢሚግሬሽን ሕግ 2.7 ሚሊዮን ለሚያህሉ ሰዎች ሕጋዊ መኖሪያ ቢሰጥም፣ አሠሪው በወንጀል የሚጠየቀው ፈቃድ እንደሌላቸው እያወቀ ሲቀጥር ብቻ እንዲሆን አድርጎ በሩን ገርበብ አድርጎ ተወው። አሠሪው የተሰጠውን ወረቀት አይቶ ዝም ይላል፤ ቅጣቱም ወረቀቱን ባቀረበው ላይ ያርፋል። ያ የምሕረት ዘመን ሲያልፍ ሥርዓቱ ሌላ የሚፈራ ትውልድ አመረተ።

እምነትና የሠራተኛው ትግል በአንድ መስመር ሊሰለፉ እንደሚችሉ የሚያሳይ ታሪክ ከዚያው አገር አለ። በ1965 በካሊፎርኒያ ደላኖ የፊሊፒንስና የሜክሲኮ ተወላጅ የወይን ለቃሚዎች የሥራ ማቆም አድማ ሲመቱ፣ የፕሮቴስታንት የስደተኞች አገልግሎት ሠራተኞች ከአድማው ረድፍ ገቡ። በ1966 ወደ ግዛቱ ዋና ከተማ የተደረገው የእግር ጉዞ በጓዳሉፔዋ እመቤት ሥዕል የተመራ ነበር። በ1970 ባለርስቶቹ ከማኅበሩ ጋር ውል ሲፈራረሙ የካቶሊክ ጳጳሳት ኮሚቴ በአደራዳሪነት ተሳትፏል። በዚያን ጊዜ የተጠየቀው የባለርስቱ ርኅራኄ ሳይሆን በፊርማ የተረጋገጠ ውል ነበር። ሆኖም ይኸው ማኅበር በ1974 አድማ ሰባሪ ሆነው የመጡ ፈቃድ የሌላቸውን ሠራተኞች ለኢሚግሬሽን ባለ ሥልጣኖች እስከ መጠቆም መድረሱም የታሪክ ሐቅ ነው። ወረቀት ያለው ወዛደር ወረቀት በሌለው ወንድሙ ላይ ሲነሣ የሚጠቀመው አሠሪው ብቻ መሆኑን ማኅበሩ ራሱ ቆይቶ ተረድቶታል።

ይህ ጉዳይ ለእኛ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። በ2022 ለኢትዮጵያውያን የተሰጠው ጊዜያዊ ከለላ እንዲያበቃ መወሰኑን የአሜሪካ መንግሥት በዲሴምበር 2025 ሲያስታውቅ፣ በሺህ የሚቆጠሩ ወገኖቻችን በዚያው የፍርሃት ሚዛን ላይ ወጡ። የመማፀኛም ሐሳብ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በአክሱም ጽዮን ቅጥር የገባ ሰው እንዳይነካ የሚያግደው ደንብ ለብዙ መቶ ዓመታት የታወቀ ነበር። ነገር ግን ያ ቅጥር ሸሽቶ የገባውን ሰው ሲያስጠልል፣ የቤተ ክህነቱ ጉልት ደግሞ ከቅጥሩ ውጭ ያለውን ገባር ያስገብር ነበር። ገባሩን ነፃ ያወጣው በ1975 የወጣው የመሬት አዋጅ እንጂ የደወሉ ድምፅ አልነበረም። መማፀኛ ሰውን ከአንድ ሌሊት አደጋ ያድናል፤ አደጋውን በየሌሊቱ የሚያመርተውን ግንኙነት ግን አይለውጥም።

በመሆኑም የእምነት ማኅበረሰቦች በስደተኞች ወረራ ላይ ያሰሙት ድምፅ ክብር የሚገባው ነው። ሌላው ሁሉ በፈራበት ሰዓት፣ ክስን፣ የገንዘብ መቋረጥንና የባለ ሥልጣንን ቁጣ ተቋቁመው ተናግረዋል። ድምፁ ወደ ኃይል የሚለወጠው ግን ከመቅደሱ ደጃፍ ተነሥቶ እስከ ፋብሪካው በር ሲዘልቅ ነው። ቱሳን ሰውየው ለምን እንደ ተሰደደ ጠየቀች፤ ፖስትቪል ሥጋውን የሚያዘጋጀው እንዴት እንደሚኖር ጠየቀች፤ ደላኖ ውሉ የታለ አለች። እነዚህ ሦስት ጥያቄዎች በአንድነት በተነሡበት ቦታ ሁሉ ስደተኛው ከታዛኝ እጅ ምሕረት የሚጠብቅ እንግዳ መሆኑ ያበቃል፤ የላቡን ዋጋ የሚጠይቅ ሠራተኛ ሆኖ ይቆማል።